የዘንድሮው ፍሉ ምን ያህል ከብዷል? ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ቁጥሩን አብረን እንከታተል

ጤና ይስጥልን (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8፣ 2025 (የካቲት 1፣ 2017)

እንደምን ከረማችሁ። ሥራዬ የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ውስጥ ሰባት አረጋውያን ጋ እመላለሳለሁ። አምስቱ የአገራችን ሰዎች ናቸው። በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ከሰባቱ አራቱ ታመውብኛል።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት እናት ቤት ስገባ ጋቢ ተከናንበው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ሌላ ጊዜ የሚቀበለኝ የቡና ሽታ ነበር፤ ያን ቀን ጀበናው ከተቀመጠበት አልተነሣም፣ ስኒዎቹም ትናንት ታጥበው እንደተደፉ ናቸው። «ምን ሆኑብኝ?» ስላቸው «ምንም አልሆንኩ ልጄ፤ ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው፣ ጉንፋን ነው» አሉኝ። ትኩሳታቸውን ስለካ 99.3 ፋራናይት ነው፤ በአገር ቤቱ 37.4 መሆኑ ነው፣ ማንንም አያስደነግጥም። ግን ሲያወሩ ትንፋሻቸው ነገራቸውን አያስጨርሳቸውም። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ሳደርግላቸው 88 አለ። ወዲያው 911 ደወልኩ። ሆስፒታል ሲመረመሩ ኢንፍሉዌንዛ ኤ (አንዱ የፍሉ ዓይነት) ተባለ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጡም።

እኔን የከነከነኝ ያቺ «ጉንፋን» የምትባል ቃል ናት። በእኛ አፍ አፍንጫ የሚያዘንበውም ጉንፋን ነው፣ ሳንባ የሚዘጋውም ጉንፋን ነው። ስለዚህ ሰዉ ዳማከሴውንና ዝንጅብሉን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። ዝንጅብል ሻይ አትጠጡ አላልኩም፤ እኔም እጠጣለሁ። ግን ዘንድሮ የሚመታን የትኛው እንደሆነና ምን ያህል እንደከበደ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ያስነሣል።

ትናንት ዓርብ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ያወጣውን የሳምንት ሪፖርት አነበብኩት። ፌብሩዋሪ 1 ባለቀው ሳምንት ወደ ሐኪም ከሄደው ሰው 7.8 ከመቶው የሄደው ፍሉ በሚመስል ሕመም ነው። ፍሉ በማይበዛበት ሰሞን የሚጠበቀው ልክ፣ መነሻ መስመር የሚሉት፣ በአገር ደረጃ 3.0 ነው። ላብራቶሪ ከተመረመረው ናሙና 31.6 ከመቶው ፍሉ ተገኝቶበታል። ከወቅቱ መጀመሪያ ጀምሮ ቢያንስ 24 ሚሊዮን ሰው ታሟል፣ 310,000 ሆስፒታል ገብቷል፣ 13,000 ሞቷል ብለው ይገምታሉ። የሞቱ ልጆች 57 ደርሰዋል።

ይህንን እንዴት ነው የምናነበው? የየዓመቱ ነው ወይስ ከዚያ ያለፈ? የሙያው ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ አስረዱን። እኔ በየሳምንቱ አዲሱን ቁጥር እዚህ እጽፋለሁ።

ቨርጂኒያ ነጂ (አሌክሳንድሪያ)
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

እህቴ፣ እሳቸውን እግዚአብሔር ይማርልን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። 7.8 ከመቶ ማለት 92ቱ ደህና ነው ማለት አይደለም ወይ? በኮቪድ ጊዜ በቁጥር ስንሸበር ከርመን ሰው አሁን ቁጥር ሲሰማ ጆሮውን ይደፍናል። እኔ ኤርፖርት እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ ሲያስሉ ነው የምውለው። ካልነዳሁ ደግሞ የሚከፍለኝ የለም። ስለዚህ እውነቱን በቀጥታ የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።

ቆጣሪ (ባልቲሞር)
እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ወንድሜ ጥያቄህ ትክክል ነው። ሥራዬ የሕዝብ ጤና መረጃ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

7.8 ከሕዝቡ የታመመው ድርሻ አይደለም። በዚያ ሳምንት ክሊኒክ ከሄዱት ሰዎች መካከል በዚህ ሕመም የሄዱት ድርሻ ነው። አንዱ ለስኳር ክትትል ይሄዳል፣ አንዷ ለእርግዝና፣ አንዱ ለጉልበቱ። ከዚህ ሁሉ በሽተኛ ውስጥ ከ13 ሰው አንዱ ትኩሳት ይዞት፣ ከትኩሳቱ ጋር ሳል ወይም የጉሮሮ ሕመም ኖሮት ከመጣ ይህ ብዙ ነው። ትኩሳቱም 37.8 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ጤና ይስጥልን የጻፈችውን አስተውሉ፤ እኚያ እናት 37.4 ነበሩ። ክሊኒክ ቢሄዱ ኖሮ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም ነበር። አረጋውያን ብዙ ጊዜ ትኩሳት ሳያሳዩ ነው ፍሉ የሚጥላቸው።

ሁለተኛ፣ ይህ ቆጠራ «ፍሉ የሚመስል» የሚለው በምክንያት ነው። ኮቪድም በዚያ መልክ ይመጣል፣ ሕፃናትን የሚያስቸግረው አርኤስቪም እንደዚሁ። ስለዚህ ብቻውን አይነበብም። ጎኑ የላብራቶሪውን 31.6 ስታስቀምጡት ነው ስም የሚያገኘው፤ ከሦስት ናሙና አንዱ ገደማ ፍሉ ሲሆን አብዛኛውን ክሊኒክ የሚሞላው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ የበዓል ሰሞን ቁጥር አያታላችሁ። በታንክስጊቪንግና በገና ሳምንት ሰው የክትትል ቀጠሮውን ይሰርዛል፤ ክሊኒክ የሚሄደው የባሰበት ብቻ ነው። አካፋዩ ስላነሰ ድርሻው ብድግ ይላል፣ ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ዝቅ ይላል። የበዓሉን ጫፍ አይቶ የሚደነግጥም ተሳስቷል፣ ከዚያ በኋላ ሲወርድ «አለቀ» የሚልም ተሳስቷል። አሁን ያለንበት ጫፍ ግን በዓል የሌለበት የሥራ ሳምንት ነው። ስለዚህ እውነተኛ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ክፉ ስለነበረው ስለ 2017–18 የፍሉ ወቅት ወደፊት ስለምናነሣ እንዳንደናገር። አሁን በእኛ አቆጣጠር ያለንበት ዓመት 2017 ነው። እኔ የምጽፈው ሁሉ በፈረንጁ ነው።

የእማዬ ልጅ (ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ)
እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ያነበብኩት ሁሉ ቤቴ ውስጥ የሆነ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሐሙስ ማታ ሰውነቷን ቆረጠማት፣ ዓርብ ጠዋት አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። በአፍንጫዋ ናሙና ወሰዱና በ15 ደቂቃ «ኔጌቲቭ ነው፣ ቫይረስ ነገር ነው፣ ውሃ ትጠጣ» ብለው ላኩን። እኔም አመንኩ። ቅዳሜ ሌሊት ስሜን መጥራት አቃታት፤ በሟች እህቴ ስም ጠራችኝ። ኢመርጀንሲ ስንደርስ በሌላ ምርመራ ኢንፍሉዌንዛ ኤ ተገኘባት።

ጠዋት የለም የተባለው ማታ ከየት መጣ? ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስወቅስ ነው ያደርኩት።

ላብ ቤት (ሮክቪል)
እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

የእማዬ ልጅ፣ ራስሽን አትውቀሺ። ላብራቶሪ ነው የምሠራው። በ15 ደቂቃ መልስ የሚሰጠው ፈጣን ምርመራ ፍሉ ካለበት ሰው ከግማሽ እስከ 70 ከመቶውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሌላው ያመልጠዋል። «አለ» ካለ እመኑት። «የለም» ካለ ግን በዚህ በጦፈው ሰሞን ምልክቱ የፍሉ ከሆነ፣ በተለይ ሰውየው አረጋዊ ከሆነ፣ በቂ መልስ አይደለም። ፒሲአር (የበለጠ የሚያጣራውን የላብራቶሪ ምርመራ) አድርጉልኝ ማለት ይቻላል። ሐኪሙም የምርመራውን ውጤት ሳይጠብቅ ታሚፍሉ ሊጀምርላቸው ይችላል። መድኃኒቱ ከሁሉ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ሆስፒታል ለገባ ሰው ግን ዘግይቶም ይሰጣል። ስለዚህ ዛሬም አልረፈደባትም፣ ጠይቂ።

ሰው ሲደናገር ስሙ ሲጠፋው ማየት ከባድ ነው። አረጋዊ ላይ ግራ መጋባት ራሱ የአደጋ ምልክት ነው፤ ኢመርጀንሲ መውሰድሽ ትክክል ነበር።

ስለ ዓይነቱ የምትጠይቁ ካላችሁ፣ ዘንድሮ ሁለት የኤ ዓይነቶች አብረው ነው የሚሄዱት፤ ኤች1ኤን1 እና ኤች3ኤን2፣ ድርሻቸውም ተቀራራቢ ነው። በ2017–18 በብዛት የነበረው ኤች3ኤን2 ብቻ ነበር፤ እሱ በአረጋውያን ላይ በመክፋቱ ይታወቃል።

ጤና ይስጥልን (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

እኚያ እናት ትናንት ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ተመስገን። የእማዬ ልጅ፣ ያንቺስ እንዴት ናቸው?

አዲሱ ሪፖርት ወጥቷል። ፌብሩዋሪ 8 ባለቀው ሳምንትም 7.8 ላይ ነው፤ አልወረደም። ግምቱ 29 ሚሊዮን ሕሙማን፣ 370,000 ሆስፒታል የገቡ፣ 16,000 የሞቱ ሆኗል። ልጆች 68። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ይህ ነው፦ ወቅቱን በልጆችም፣ በአዋቂዎችም፣ በአረጋውያንም «ከፍተኛ ክብደት» ብለው መድበውታል። እንዲህ ያለ ወቅት ከ2017–18 ወዲህ የመጀመሪያው ነው ይላል።

ይህንን ደረጃ ማን ነው የሚሰጠው? በምን ለክተው ነው?

የእማዬ ልጅ (ስፕሪንግፊልድ)
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

ስለጠየቅሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከትናንት በስቲያ በስሜ ጠራችኝ።

ቆጣሪ (ባልቲሞር)
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

እልል! ደስ ብሎኛል።

ወደ ደረጃው ልምጣ፤ የዚህ ሁሉ ወሬ እምብርት እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የግዛቶቹን ካርታ ነው፤ ሐምራዊ ሲሆን «ከፋ» ይላል። ካርታው ግን የሚያሳየው አንድ ግዛት ከራሱ የተለመደ ሁኔታ አንጻር ክሊኒኩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ነው። መስፋፋትን እንጂ ክፋትን አይለካም። ሁሉም የሚያስነጥስበት፣ ግን ጥቂት ሰው ብቻ ሆስፒታል የሚገባበት ዓመት ሊኖር ይችላል። ካርታው ያን ዓመትም ሐምራዊ ይሆናል።

ክብደትን ለመመደብ የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ ቅድም ያልነው የክሊኒክ ድርሻ፣ ከ100,000 ሰው ስንቱ ሆስፒታል እንደገባ፣ እና ከሞቱት ሰዎች በፍሉ የሞቱት ድርሻ። ለእያንዳንዳቸው ያለፉትን ወቅቶች ጫፍ ይሰበስቡና ሦስት መስመር ያሰምራሉ። የመጀመሪያውን መስመር ከሁለት ወቅት አንዱ ያልፈዋል። ሁለተኛውን ከአሥር አንዱ ብቻ። ሦስተኛውን ከሃምሳ አንዱ። ከመጀመሪያው በታች ከሆነ ቀላል፣ በአንደኛና በሁለተኛው መካከል ከሆነ መካከለኛ፣ ሁለተኛውን ካለፈ ከፍተኛ፣ ሦስተኛውን ካለፈ እጅግ ከፍተኛ ይባላል። ደግሞ አንዱ መለኪያ ብቻውን ስላለፈ አይፈርዱም፤ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ መስመሩን ማለፍ አለባቸው።

ይህ ብልህ አሠራር ነው እላለሁ። አንዱ መለኪያ ሲዋሽ ሌላው ይመሰክርበታል። ለምሳሌ የ2017–18 የክሊኒክ ጫፍ 7.5 ነበር፣ የዘንድሮው 7.8 ነው፤ «በ0.3 በለጠ» ብላችሁ ግን እንዳትደመድሙ። ከ2021 ወዲህ የሕመሙ ፍቺ ራሱ ስለተለወጠ ከፍሉ ሌላ የታወቀ ምክንያት ያለውም አብሮ ይቆጠራል፤ ኮቪድም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። የያኔው መነሻ መስመር 2.2 ነበር፣ አሁን 3.0 ነው። ለማነጻጸር የሆስፒታሉ ቁጥር የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም በምርመራ የተረጋገጠ ፍሉ ያለበትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። በ14 ግዛቶች የተመረጡ አውራጃዎች ውስጥ ነው የሚሰበሰበው፤ ሜሪላንድ አንዷ ናት። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከአገሪቱ ቁጥር ውስጥ የሜሪላንድም ሰው አለበት።

መለኪያዎቹ እኩል አይደርሱም፤ ይህንንም አትርሱ። ሰው ዛሬ ቢታመም በቀናት ውስጥ ክሊኒክ ይታያል፤ ሆስፒታል ለመግባት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ የሞት ምስክር ወረቀት ተጽፎ ተልኮ እስኪመዘገብ ደግሞ ሳምንታት ያልፋሉ። ሪፖርቱ ራሱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ያለውን ሳምንት በቀጣዩ ዓርብ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ክሊኒኩ ሲቀልል ሆስፒታሉ ገና ሙሉ ነው፤ ሆስፒታሉ ሲቀልል የሞት መዝገቡ ገና ይሞላል።

የቀድሞ መምህር (ታኮማ ፓርክ)
እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን የልጅ ልጄ አሳይቶኝ ሳነብ አመሸሁ። እኔ 83 ዓመቴ ነው።

እናቴ የኅዳር በሽታን ልጅ ሆና አይታለች። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን የመታው፣ ዓለም «የስፓኝ ፍሉ» የሚለው ማለት ነው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ከሞት ተርፈዋል። እናቴ ስትናገር ሁልጊዜ የምትጠቅሰው ጭሱን ነበር፤ ቆሻሻው በየደጁ ይቃጠል ነበር። ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ እስከ ዛሬ ጥራጊ የሚቃጠለው ከዚያ ወዲህ ነው። ስንት ሰው ሞተ ስላት ግን «ማን ቆጠረው ልጄ፣ ቀባሪ ሲጠፋ ማን ይቆጥራል» ትለኝ ነበር።

ቆጣሪ የተባልከው ልጄ ሥራህ የተባረከ ይሁን። የሚቆጠር ሰው የተከበረ ሰው ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በጥቅምት ክትባቱን ወስጃለሁ። ዘንድሮ አልሠራም የሚል ሰማሁ።

ላብ ቤት (ሮክቪል)
እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልን። መከተብዎ በጣም ጥሩ ነው። የፍሉ ክትባት በሽታውን ፈጽሞ እንዳይገባ የሚያደርግ ግንብ አይደለም። በ2017–18 በጠቅላላው ወደ 38 ከመቶ ነበር የተከላከለው፤ በዚያው በክፉው ኤች3ኤን2 ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። ቢሆንም የተከተበ ሰው ቢታመም እንኳ ሆስፒታል የመግባትና የመሞት ዕድሉ ይቀንሳል። እኔ ራሴ እናቴን በየዓመቱ የማስከትበው ለዚህ ነው። 65 ዓመት ለሞላው ሰው መጠኑ ከፍ ያለው ወይም ማጠናከሪያ የተጨመረበት ክትባት ይመረጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፋርማሲው ውስጥ የትኛውን እንደሚሰጡዎ ይጠይቁ። እስከዚያ ግን ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ደረትዎን ከያዘዎ «ተከትቤያለሁ» ብለው ቤት እንዳይቀመጡ፤ እባክዎን።

ካዛንቺስ (አዲስ አበባ)
ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ከአገር ቤት ነው የምጽፍላችሁ። እዚህም ቅኝት አለ፤ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በፈረንጁ ከ2008 ጀምሮ በተመረጡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የኢንፍሉዌንዛ ናሙና ያሰባስባል። ግን እንደ እናንተ በየዓመቱ ለሁሉም የሚሰጥ የፍሉ ክትባት የለም። አባትና እናቴ በመጪው ሳምንት ቨርጂኒያ እህቴ ጋ ሊመጡ ትኬት ቆርጠዋል። ሁለቱም ከ70 በላይ ናቸው፣ በሕይወታቸው የፍሉ መርፌ አልወሰዱም። ምን ትሉኛላችሁ?

ቆጣሪ (ባልቲሞር)
ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ወንድሜ፣ ይህንን ማንሣትህ ጥሩ ነው፤ ወላጅ የሚያስመጣ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። ክትባቱ ሰውነት ውስጥ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ትኬቱን ማራዘም ከተቻለ እስከ ማርች ማገባደጃ ቢቆዩ ደግ ነው። ካልተቻለ እህትህ በደረሱ ማግስት ታስከትባቸው። አሁንም ብዙ ፍሉ አለ፤ አልረፈደም። ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ የሚጎርፈውን እንግዳ ብትቀንስላቸው። ይህ ለእኛ ሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የሚያስል እንግዳ በስልክ ቢጠይቃቸው ማንም አይቀየምም።

ጤና ይስጥልን (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

መውረድ ጀመረ። ፌብሩዋሪ 15 ባለቀው ሳምንት 6.8 ሆኗል። የልጆቹ ግን 86 ደርሷል፤ በአንድ ሳምንት 18 ተጨመሩ።

ከነገ ወዲያ ዓቢይ ጾም ይገባል። የማያቸው እናት ገና ሳላቸው አልለቀቃቸውም፣ ግን ጾሙ ሳይገባ ከአሁኑ መጾም ጀምረው «ጾሙን አልፈታም» ብለውኛል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ አይቀምሱም። ትናንት የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ፤ ያን ያህል ደርቀዋል። ለንስሐ አባታቸው ደወልኩ፤ እሳቸውም ወዲያው በስልክ አነጋግረዋቸው «የታመመ አይገደድም፣ መድኃኒትሽን በውሃ ውሰጂ፣ ይህ ትእዛዜ ነው» አሏቸው። ያን ጊዜ ጠጡ። እኔ ለሦስት ቀን ለምኜ ያቃተኝን በሁለት ደቂቃ ጨረሱት። ወላጅ የምታስታምሙ፣ ካህኑን አስቀድማችሁ አማክሩ።

ቨርጂኒያ ነጂ (አሌክሳንድሪያ)
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

አንድ ነገር ይቅር በሉኝ፣ ግን ልጠይቅ። አንድ ወዳጄ በ2017–18 መጀመሪያ 80,000 ሰው ሞተ ተባለ፣ ኋላ 61,000 ሆነ፣ አሁን 52,000 ነው የሚለው አለኝ። አየሁት፣ እውነት ነው። የሞተ ሰው እንዴት ይቀንሳል? ሰው እምነት የሚያጣው በዚህ ነው።

ቆጣሪ (ባልቲሞር)
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለበትም፤ መጠየቅ ያለበት ነው።

ልጅ በፍሉ ሲሞት እያንዳንዱ ለመንግሥት ይመዘገባል፤ ከ2004 ጀምሮ ግዴታ ነው። ስለዚህ 86 ስንል የተቆጠሩ 86 ልጆች ናቸው፤ የሚዘገይ ሪፖርት ሲገባ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አዋቂ ሲሞት ግን እንዲህ አንድ በአንድ አይመዘገብም። ብዙ አረጋዊ ፍሉ ልቡን ወይም ሳንባውን አዳክሞት ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሞታል፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «የልብ ድካም» ነው። ብዙዉ ሰው ጭራሽ አልተመረመረም። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ቁጥር ተነሥተው፣ ያልተመረመረውንና ከሆስፒታል ውጭ የሞተውን አስልተው ይገምታሉ። ወቅቱ እንዳለቀ የሚያወጡት የመጀመሪያ ግምት ነው። የምርመራና የሞት መዝገቡ ተሟልቶ ሲገባ እንደገና ያሰሉታል። 80,000 የነበረው 52,000 የሆነው በዚህ ነው። መጀመሪያውኑ «ግምት ነው» ብሎ በጉልህ አለመናገር ጥፋት ነበር እላለሁ፤ ዜናው ቁጥሩን ብቻ ይዞ ሄደ። ስለዚህ እዚህ የምንጽፈውን 16,000 ሁሉ ወደፊት ሊለወጥ እንደሚችል አውቃችሁ ያዙት።

ለየአካባቢያችሁ ደግሞ ከአገሪቱ ቁጥር ይልቅ የየግዛቱን ገጽ እዩ። የሜሪላንድ ጤና መምሪያ በየሳምንቱ ያወጣል። የቨርጂኒያው በአምስት ክልል ተከፍሎ ነው፤ አሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ ላላችሁት «ሰሜን» የሚለው ነው። ዲሲም የራሱ አለው። የፍሳሽ ውሃ ምርመራም ይረዳል፤ ሰው ክሊኒክ ሳይሄድ በፊት ቫይረሱ እዚያ ይታያል፣ ኢንሹራንስ የሌለው ሰውም ይቆጠራል።

ቨርጂኒያ ነጂ (አሌክሳንድሪያ)
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22

አሁን ገባኝ። ሰኞ እከተባለሁ። መስኮቱንም ትንሽ ከፍቼ መንዳት ጀምሬያለሁ፤ ብርዱን ችዬዋለሁ።

ጤና ይስጥልን (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ዓርብ፣ ኖቬምበር 21፣ 2025 (ኅዳር 12፣ 2018)

ከዘጠኝ ወር በኋላ ተመለስኩ። ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ መምህሩ አባታችን የጻፉት ትዝ ብሎኝ ነው። አባቴ እንዴት ከረሙ?

ያለፈው ወቅት መጨረሻው እንዲህ ሆኗል። በዚያ በ14 ግዛቶች ቆጠራ ከ100,000 ሰው 127.1 ሆስፒታል ገብቷል፤ ከ2010–11 ወዲህ ከፍተኛው ነው። በ2017–18 102.9 ነበር። የሞቱት ልጆች 280 ደርሰዋል። እኛ ፌብሩዋሪ ላይ 57 ብለን ነበር የጀመርነው። ክትባት መውሰድ ከሚችሉትና መከተብ አለመከተባቸው ከታወቀው መካከል 89 ከመቶው ክትባታቸውን አሟልተው አልወሰዱም ነበር። ይህን ሳነብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የዘንድሮውን መከታተል የጀመርነው ዘግይተን ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ተዘግቶ ስለነበር የሲዲሲ የሳምንት ሪፖርት አልወጣም። የሜሪላንዱን እያየሁ ነው የቆየሁት። ቆጣሪ ሆይ፣ ካለህ አዲሱን አብረን እንይ።

የቀድሞ መምህር (ታኮማ ፓርክ)
ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

አለሁ ልጄ። ከፍ ያለውን መጠን ስጡኝ ብዬ በጥቅምት ተከትቤያለሁ፤ ክንዴን ሁለት ቀን አመመኝ፣ አለፈ። ያቺ ያዳንሻት ሴትስ?

ጤና ይስጥልን (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

ደህና ናቸው፤ ጀበናው ተመልሷል። ትናንት አብረን ፋርማሲ ሄደን ተከተቡ። ፋርማሲስቷ «ከዚህ በፊት ፍሉ ይዞዎት ያውቃል?» ብላ ስትጠይቃቸው አስተረጎምኩላቸው። «አዎ» አሉ፤ «ጉንፋን መስሎኝ ነበር።»

ቆጣሪ (ባልቲሞር)
ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

አለሁ። አዲሱን ሪፖርት ከፍቼዋለሁ። መጀመሪያ የሆስፒታሉን ገጽ እንይ፤ ማታ እጽፋለሁ።